ስንቅ ሳይዙ ወደ ኦቦክ

እሁድ ከሰዓት በኋላ በቤይሩት የሳብራን ገበያ ያቋረጠ ሰው አማርኛ ሳይሰማ አይወጣም። የሳምንት ዕረፍት የተፈቀደላቸው እህቶቻችን ሽንኩርቱን፣ ቅመሙንና ለአገር ቤት የሚላከውን ልብስ ከገዙ በኋላ በየጥጋቱ ቁጭ ብለው ስልካቸውን ይከፍታሉ። ከሚደርሷቸው ምስሎች መካከል አንድ ዓይነቱ ደጋግሞ ይታያል። ቦርሳ ያነገቱ ወጣቶች በቡድን ሆነው ጥቁር ድንጋይና ነጭ ጨው በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ይጓዛሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ወደ ካሜራው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንዳንዶቹ ዳሎልንና ኤርታሌን ለማየት የወጡ አገር ጎብኚዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ተነስተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኦቦክ የሚያመሩ ልጆች ናቸው። ፊታቸውን ብቻ ላየ ሰው ልዩነቱ ቶሎ አይገለጥለትም።

በረሃውስ ያው ነው። ከአፋር ቆላ ተነስቶ፣ በጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ አልፎ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እስከ ኦቦክ ይዘልቃል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ደግሞ አሸዋውን እያነሳ ይገርፋል። ጥላ ማለት እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ግራር ነው። መንገደኛውን ይበልጥ የሚያሳስተው የባሕሩ ቅርበት ይመስለናል። ውኃው በዓይን ይታያል፤ የሚጠጣ ጠብታ ግን የለውም።

ይህ ማለት በዚህ ምድር በደኅና ያለፈ የለም ማለት አይደለም። አፋሮች ይኖሩበታል። የጨው ቅፍለት የሚነዱት የአርሆ ሰዎች ግመልና በቅሎ ጭነው ከደጋ ሲወርዱ ለመልስ ጉዞ የሚሆነውን ድርቆሽ በየመንገዱ እያስቀመጡ ያልፋሉ፤ መመለሳቸውን ከመነሻው አስበውበታልና። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 መጨረሻ (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሳ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። የአዋሽ ወንዝ የት እንደሚያበቃ በዓይኑ ለማየት የወጣ ጀብደኛ ነው። ይሁን እንጂ ግመሎች፣ የታጠቁ አጃቢዎችና አስተርጓሚ ነበሩት፤ የአውሳውን ሱልጣን መሐመድ ያዮን አግኝቶ ፈቃድ ሳይቀበል አገሩን አላቋረጠም። እንዲያም ሆኖ በአሳል በኩል ሲያልፍ ብዙ ግመሎቹ አልቀውበት ነው በ1934 ታጁራ የደረሰው። ከእርሱ በፊት በ1875 ቨርነር ሙንዚንገር ለግብጹ ኸዲቭ ጦር እየመራ ያለ ፈቃድ ወደ አውሳ ቢገባ ከብዙ ሰዎቹ ጋር እዚያው ተገድሏል። የዛሬው ጎብኚም መኪና፣ ውኃ፣ የአገሩ መሪና የታጠቀ ጠባቂ ይዞ ይሄዳል፤ ያም ሆኖ በጥር 2012 በኤርታሌ አምስት ጎብኚዎች ተገድለዋል።

ወደ ኦቦክ የሚሄደው ልጅ ቦርሳው ውስጥ ምን አለ? አንድ ሁለት የውኃ ላስቲክ፣ ብስኩት፣ ስልክ። ደላላው አብሮት አይራመድም፤ ለሌላ ደላላ ያስረክበዋል፤ ያም ለሌላ። ከቡድኑ መካከል አንዱ እግሩ ቢቆስል ማን ይጠብቀዋል? ሱናችን ሦስት ሰዎች እንኳ ለጉዞ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ያዛል። እዚህ ግን ሃምሳና ስልሳ ሆነው ሲሄዱ ኃላፊ የላቸውም። «አላህ ያውቃል» ተብሎ እንደሚወጣም እንሰማለን። ኢብን ዐባስ እንደነገሩን የየመን ሰዎች ስንቅ ሳይዙ ለሐጅ እየወጡ «እኛ በአላህ የምንመካ ነን» ይሉ ነበር፤ መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምኑ ነበር። ስንቅ እንዲያዝ የሚያዘው የቁርኣን ቃል የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ለሐጅ መንገድ ይህ ከተባለ፣ ለደላላ መንገድማ ምን ሊባል ነው?

በረሃውን ያለፈውም ባሕሩ ይጠብቀዋል። በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት በኦቦክ ጠረፍ በጎዶሪያ አካባቢ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በርካቶች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ በኮር አንጋር አጠገብ ከ40 በላይ ሰዎች አለቁ። በነሐሴ 2025 በየመን አብያን ጠረፍ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰዎችን አሳፍራ ነበር፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት (አይ ኦ ኤም) በ2024 በዚህ መስመር የሞቱትን ከ550 በላይ አድርጎ መዝግቧል። በረሃ ውስጥ በጥም የቀሩት ሁሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገኛሉ ብለን አናምንም። አላህ ይዘንላቸው።

ከሳብራ ሆኖ «አትሂዱ» ለማለት ግን አፍ ይይዛል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2008 ወደ ሊባኖስ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ካገደ በኋላ እንኳ ብዙዎች በሌላ አገር ዞረው እዚህ ደርሰዋል። በ2020 አሠሪዎቻቸው ከቆንስላው ደጅ አውርደው ጥለዋቸው የሄዱትን፣ በ2024 መጸው የቦምብ ድብደባው ሲበረታ ጎዳና ላይ ያደሩትን እህቶቻችንን ያየ ሰው ቤታቸውን የተዉት ለቅብጠት አለመሆኑን ያውቃል። ወንድሞቻቸውም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ነገራችን ስለ መሄድና መቅረት ሳይሆን ስለ ገንዘቡና ስለ ወሬው ነው።

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚህ ነው። «እህቴ፣ ለመንገድ ብቻ ላኪልኝ» ይላል ልጁ፤ ይላክለታል። ከሳምንታት በኋላ የመን ላይ አጋቾች ይዘውት ስልኩ እንደገና ይጮኻል፤ በዚህኛው ጥሪ ከልጁ ድምፅ ኋላ የሌላ ሰው ድምፅ አለ። የሰው ቤት ወለል በማጠብ የተገኘ ደመወዝ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይከፈላል ማለት ነው።

ወሬውስ? አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናብ የት እንደጣለ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ጠብ የት እንደተነሳ ይነጋገራሉ፤ በዳጉ መዋሸት ከባድ ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ግን የሚሠራጨው የሳቁ ምስል ነው፤ ውኃው ሳያልቅ የተቀረጸው። ከሰንዓና ከዓደን እውነተኛውን ነገር የሚሰሙት እህቶች ለእናት አይነገርም፣ ክፉ ወሬ አናቀብል ብለው ይዘውት ይቀመጣሉ። በዝምታቸው አንወቅሳቸውም፤ የመርዶ ባህላችን ያስተማራቸው ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድም ያንኑ ሳቅ አይቶ ይነሳል።

ስለዚህ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ለልጁም ለእናቱም ያወቁት ሁሉ ይነገራቸው፤ የሞተውም በስሙ ይጠራ። መንገድ ላይ ላለው ደግሞ ኦቦክ ውስጥ የአይ ኦ ኤም የስደተኞች ማዕከል እንዳለ፣ መመለስ የፈለገም እርዳታ እንደሚያገኝበት ይነገረው። ከባቲ በኩል የሚነሳ ከሆነ የሰኞ ገበያ ላይ ከበረሃው የወጣ አፋር አያጣም፤ አጠገቡ ቁጭ ይበልና ውኃው የት እንዳለ ይጠይቀው።