ሩቅ ለማየት ስንት ብር ይበቃል? የእንጦጦ ወፎችና የረጅም ሌንስ ገበያ

ነጋዴ ዕቃ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ገዢው ማን ነው? የጤፍ ነጋዴም ይጠይቀዋል፣ የቆርቆሮ አስመጪም ይጠይቀዋል። የፎቶግራፍ ስቱዲዮ ባለቤትና አስጎብኚ ግን ለዱር እንስሳት ፎቶግራፍ የሚሆን ረጅም ሌንስ ሲገዙ ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብለው ነው። ከዚያም ትልቁን፣ ረጅሙንና ነጩን መርጠው ገንዘባቸውን ያስሩበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሌንሱ ሁለት ክረምት ካረጀ በኋላ ገዢ ፍለጋ ይዞራል።

ይህ ጉዳይ የገበያ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ አሉ። ከእነርሱ የተወሰኑትን ለማየት ደግሞ ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች ድረስ መጓዝ አያስፈልግም። ከፒያሳ ታክሲ የያዘ ሰው ብዙ ሳይቆይ እንጦጦ ማርያም ይደርሳል።

አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ይህ ኮረብታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በላዩ የተንጣለለው ደን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለማገዶና ለግንባታ እንጂ ለወፍ ያን ያህል አይመችም። ወፉ የሚሰበሰበው ጽድ፣ ወይራና ቁጥቋጦ በቀረበት ሥፍራ፣ በተለይም አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት ባቆዩት አጸድ አካባቢና በሸለቆው ዳር ነው። በእንግሊዝኛ አቢሲኒያን ካትበርድ የምትባለው፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ግራጫ ወፍ በእንጦጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ትታያለች። ምንቃሩ የወፈረው ትልቁ ቁራ፣ አረንጓዴዋ ትንሽ በቀቀንና አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ጥንብ አንሳም በዚሁ ኮረብታ ላይ ያንዣብባሉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ መንገዱም፣ ማረፊያውም፣ እንግዳውም ጨምሯል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው? የወፍ ጎብኚው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የራሱን ሌንስ ተሸክሞ ይመጣል፣ ያነሳል፣ ይሄዳል። ሥዕሉን ለመጽሐፍ፣ ለመጽሔትና ለቀን መቁጠሪያ የሚሸጠው እርሱ ነው። ለአገሩ ልጅ የሚተርፈው የአስጎብኚነት የቀን አበል ነው። ወፏ የኢትዮጵያ፣ ሥዕሏ ግን የሌላ ሰው ንብረት ትሆናለች። የአገሩ ባለሙያ የራሱ ሌንስ ቢኖረው ይህ ሒሳብ በከፊል ይቀየራል። ጥያቄው የትኛው ሌንስ የሚለው ነው።

ዋጋው በብር ሲተመን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም በላይ ወጥቷል። ለስሌት እንዲመች 100 ብር ብቻ ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ሲቀርብ 2,000 ዶላር ገደማ የተተመነው የሶኒ ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ዙም በቀድሞው ምንዛሪ 114 ሺህ ብር ነበር፤ በ100 ሲሰላ 200 ሺህ ብር ይሆናል። በዚያው ዓመት 13,000 ዶላር የተተመነው የዚሁ ኩባንያ ባለ 600 ሚሊ ሜትር፣ ዙም የማያደርገው ትልቅ ሌንስ ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ብር ይመጣል። ይህ ሁሉ ቀረጥ፣ 15 በመቶው ቫትና የማጓጓዣው ወጪ ሳይታከልበት ነው።

ሁለቱም ሌንሶች 600 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ወፏን የሚያሳድጉት እኩል ነው። የአንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ብሩ ልዩነት የሚከፈለው በአብዛኛው ለብርሃን ነው። ትልቁ ሌንስ የብርሃን መግቢያው ሰፊ በመሆኑ ከዙሙ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ማለዳ ጉም ባልተገፈፈበት ሰዓት ይህ ልዩነት ይታያል፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን የዛሬዎቹ ካሜራዎች በደካማ ብርሃን የሚያወጡት ሥዕል ከ20 ዓመት በፊት ከነበሩት እጅግ የተሻለ ስለሆነ፣ ያ ልዩነት እንደ ድሮው የሞት የሽረት ጉዳይ አይደለም።

ሚሊ ሜትር ሲለካ

የሌንስን ርዝመት በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መምረጥ ይቻላል። የወፏ ቁመት በሌንሱ ርዝመት ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል፣ ካሜራው ውስጥ የሚያርፈው ምስል መጠን ይገኛል። 20 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ወፍ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ብትቀመጥ፣ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የሙሉ ፍሬም ካሜራ ሴንሰር ከፍታው 24 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ወፏ የሥዕሉን ስድስተኛ እጅ ብቻ ትይዛለች። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ከዐሥራ ሁለት አንድ እጅ ትሆናለች፤ ይህ ለሽያጭ አይበቃም።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላ ትምህርት ይገኛል። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያቺው ወፍ 4 ሚሊ ሜትር እንድትሆን ርቀቱ 20 ሜትር መሆን አለበት። ማለትም ወፏን ሳያስደነግጥ ዐሥር ሜትር የሚያስጠጋ ሰው ከ400 ወደ 600 ለመሸጋገር የሚወጣውን ገንዘብ ያህል ያስገኛል። በእንጦጦ አጸድ አካባቢ ያሉ ወፎች ሰው ለምደዋል፤ በዝምታና በትዕግሥት ለሚቀመጥ ሰው ራሳቸው ይቀርባሉ። ሌንስ ገዝቶ ትዕግሥት ያልገዛ ሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ እያስበረገጉ ማንሳት ደግሞ ከነውርነቱ ሌላ፣ የነገውን ገበያ ዛሬ መብላት ነው።

ሁሉም እንስሳ አንድ ዓይነት ሌንስ አይጠይቅም። 60 ሴንቲ ሜትር የሚያህለው ትልቁ ቁራ በ15 ሜትር ርቀት ላይ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሥዕሉን ሦስተኛ እጅ ይይዛል፤ ይህን ሌንስ የአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ዛሬም በትከሻው ተሸክሞታል። ጭላዳም በመንዝ ጓሳም ሆነ በሰሜን ተራሮች ሰው ስለሚያስጠጋ ከ400 በላይ አይፈልግም። ጎልማሶቹ ከ500 እንደማይበልጡ የሚነገርለት ቀይ ቀበሮ ግን ርቀቱን ይጠብቃል፤ እዚያ 600 ዋጋ አለው። ዙም የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ጠዋት ለበቀቀን፣ ከሰዓት ለጭላዳ የሚሆነው አንድ ዕቃ ሲሆን፣ ዙም የማያደርገው ትልቅ ሌንስ ግን አሞራው በድንገት ቀርቦ ሲያንዣብብ ክንፉን ቆርጦ ያስቀራል።

አቧራ፣ ዳገትና ክረምት

ከ600 በላይ ማለፍ የሚፈልጉ ደግሞ አሉ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ከ200 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ዙም 1,900 ዶላር ገደማ ተተምኖ ነበር። ርዝመቱ ያስጎመጃል፤ ነገር ግን 800 ላይ ሲደርስ የሚያስገባው ብርሃን ከሶኒው 600 ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ፀሐይ ከበረታች በኋላ በሩቅ ያለው አየር በሙቀት ይርገበገባል፤ ይህን መርገብገብ የሚያስተካክል ሌንስ እስካሁን አልተሠራም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከመቶ ሜትር ባሻገር ያለን ወፍ በ800 ማንሳት ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

የዙሙ አሠራርም መታየት አለበት። አንዳንዱ ሌንስ ሲጎተት እንደ ቧንቧ ይረዝማል፤ ይህ የካኖን ሌንስም እንዲሁ ነው። የሶኒው እና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2023 በ1,700 ዶላር ገደማ ያወጣው ከ180 እስከ 600 ዙም ግን ርዝመታቸው አይለወጥም፤ መስተዋቱ የሚንቀሳቀሰው ውስጥ ለውስጥ ነው። በበጋ ወራት የእንጦጦን የኮረኮንች መንገድ ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል፤ የሚረዝም ሌንስ ሲመለስ አቧራን ሊስብ ይችላል።

ክብደቱም ቀላል ነገር አይደለም። የሶኒው ዙም 2 ኪሎ ከ100 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ትልቁ ባለ 600 ሌንስ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ካሜራና ትራይፖድ ሲጨመር ሸክሙ ይበዛል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ዳገቱን በእግር የወጣ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። የኮረብታውን ክብደት የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። ክረምቱ ደግሞ ሌላ ጠላት ያመጣል፤ በእርጥበት ቦታ የሚቀመጥ ሌንስ ውስጡ ይሻግታል። ሻጋታ የያዘው ሌንስ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል፤ ስለዚህ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ያለበት ጥብቅ ሣጥን ከሌንሱ ጋር መገዛት ያለበት ዕቃ ነው።

አሮጌ ሌንስ መግዛት የሚፈልግም አለ፤ ነውር የለውም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሜትርና የታምሮንና የሲግማ ከ150 እስከ 600 ሌንሶች በደህና ይዞታ ከተገኙ ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ገዢው ግን በባትሪ መብራት ውስጡን ፈትሾ ሻጋታ ይፈልግ፤ ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙር፤ አውቶ ፎከሱን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ይሞክር። ከሁሉም በፊት ካሜራውን ይጠይቅ። መስተዋት ለሌለው አዲስ ካሜራ የተሠራ ሌንስ በአሮጌው ባለ መስተዋት ካሜራ ላይ አይሠራም፤ አሮጌው ሌንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በማገናኛ ቀለበት ለአዲሱ ይሆናል።

ብድር ወይስ ዕቁብ?

አሁን ሒሳቡ ይሠራ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሌንስ በአምስት ዓመት ውስጥ የዋጋውን ግማሽ ያጣል፣ የታሰረበት ገንዘብም በዓመት 20 በመቶ ያስወጣል ይባል። የ200 ሺህ ብሩ ዙም በዓመት 20 ሺህ ብር ከዋጋው፣ 40 ሺህ ብር ከወለድ፣ በድምሩ 60 ሺህ ብር ይበላል። በቀን 2,500 ብር ቢከራይ በ24 ቀን ወጪውን ይመልሳል። የ1.3 ሚሊዮኑ ሌንስ 130 ሺህና 260 ሺህ፣ በድምሩ 390 ሺህ ብር በዓመት ይበላል፤ በቀን 5,000 ብር ቢከራይ እንኳ 78 ቀን ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት 150 ቀን ነው። ግማሹን ቀን ያለ ማቋረጥ ተከራይ የሚያገኝ ስቱዲዮ ካለ ትልቁን ይግዛ፤ ከሌለ ግን ሒሳቡ ራሱ መልሱን ሰጥቷል።

24 ቀንም ቢሆን ለአንድ ስቱዲዮ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ነው የቆየው ልማድ የሚጠቅመው። አራት ስቱዲዮዎች ወይም ሁለት ስቱዲዮዎችና ሁለት አስጎብኚዎች ዕቁብ ገብተው አንድ ዙም ቢገዙ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 50 ሺህ ብር ሲሆን የሚፈለግባቸው ስድስት ስድስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ማን መቼ እንደሚወስድ፣ ቢሰበር ማን እንደሚከፍልና የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይስፈር። ያለ ጽሑፍ የሚደረግ ሽርክና መጨረሻው የሽማግሌ ጉዳይ ነው።

ትልቁ ሌንስ ለማንም አይገባም ማለት አይደለም። ከውጭ አሳታሚ ጋር ውል የፈረመ፣ የቀይ ቀበሮን ሥዕል በንጋት ጨለማ እንዲያመጣ የታዘዘ ባለሙያ ቢገዛው ያዋጣዋል፤ ምክንያቱም ገዢው አስቀድሞ ታውቋል። ሌላው ግን መጀመሪያ ውል፣ ቀጥሎ ወፍ፣ በመጨረሻ ሌንስ ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።

እንጦጦ ላይ ሰማይን የሚመለከቱ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነርሱ የሚያዩት ለሳይንስ ነው፤ ትርፍ አይጠየቁም። ከሥራቸው በቁጥቋጦው ውስጥ ያለችውን ግራጫ ወፍ የሚያነሳው ነጋዴ ግን በበጋው መጨረሻ ሒሳቡን መዝጋት አለበት። ለእርሱ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ መካከለኛ ዙም፣ ደረቅ ሣጥን፣ ጠንካራ ትራይፖድና ቦታውን የሚያውቅ የእንጦጦ ልጅ ይበቁታል። ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ ወይም ቆርቆሮ ቢገዛበት የበለጠ ይሠራል።