የሆርሞን ልጣፍ ፕላስተር አይደለም

ማረጥ በሽታ አይደለም። ዕድሜ የሰጣት ሴት ሁሉ የምታልፍበት የተፈጥሮ ምዕራፍ ነው። በሽታ አይደለም ማለት ግን ስቃይ የለውም ማለት አይደለም። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ድረስ የሚያልባት፣ በሰው መሐል ተቀምጣ ድንገት ከደረቷ እስከ ፊቷ እሳት የሚለበልባት፣ እንቅልፍ አጥታ የምታድር፣ ያለ ወትሮዋ የምትቆጣና ሆድ የሚብሳት እናት በየቤታችን አለች። ብዙዎቹ «ዕድሜ ነው፣ ያልፋል» ብለው ዝም ይላሉ። ቤተሰቡም «ምን ነካት?» ከማለት አልፎ አይጠይቅም።

ከዝምታው ጎን ለጎን ሌላ አደጋ አለ። ከውጭ አገር ለጥየቃ የመጣች እህት ወይም ጓደኛ «እኔን አሽሎኛል፣ አንቺም ሞክሪው» ብላ ከሻንጣዋ አውጥታ የምትሰጠው መድኃኒት ነው። ከእነዚህ አንዱ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የሆርሞን መድኃኒት ሲሆን፣ ብዙዎች «ፓች» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልጣፍ እንበለው። መልኩ ቁስል ላይ ከምናደርገው ፕላስተር ብዙም ስለማይለይ የሚጠራጠረው ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ልጣፉ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አደጋው ያለው ያለ ምርመራ፣ ያለ ትእዛዝና ያለ ክትትል ሲለጠፍ ነው። ስለዚህ ስቃዩን ዝም ብለው አይቻሉ፤ መድኃኒቱንም ዝም ብለው አይለጥፉ።

በመጀመሪያ ስለ ማረጥ ጥቂት እንበል። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው እርግዝናን ወይም ሌላ ሕመምን የመሰለ ምክንያት ሳይኖር የወር አበባዋ ለተከታታይ 12 ወራት ሲቀር ነው። ይህ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት የወር አበባው ይዛባል፤ የሙቀቱና የላቡ ስሜትም ያኔውኑ ሊጀምር ይችላል። ምክንያቱ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን መቀነሱ ነው። ይህ ሆርሞን ለማህፀን ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የሰውነትን ሙቀት፣ እንቅልፍን፣ የብልትን እርጥበትና የአጥንትን ጥንካሬ ያግዛል። ሲጎድል እነዚህ ሁሉ ይነካሉ። በተለይ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባዋ የቆመ ሴት «ተገላገልኩ» ብላ መቀመጥ የለባትም። አጥንቷና ልቧ ያለ ሆርሞኑ ረጅም ዓመታት ስለሚቆዩ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ልጣፉ የሚሠራው የጎደለውን ኤስትሮጅን በቆዳ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ደም በማስገባት ነው። የሚዋጠው ክኒን መጀመሪያ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ጉበት ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን አብዝቶ እንዲያመርት ይገፋፋዋል። ልጣፉ ግን ወደ ደም የሚገባው በቀጥታ ነው። በዚህም ምክንያት በመደበኛ መጠን የሚወሰድ ልጣፍ የደም መርጋት አደጋን እንደ ክኒኑ ከፍ አያደርግም። እ.ኤ.አ በ2015 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የማረጥ ሕክምና መመሪያም ይህንኑ ያስቀምጣል።

«ታዲያ የሆርሞን ሕክምና ካንሰር ያመጣል ሲባል የሰማነውስ?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ በጁላይ 2002 በአሜሪካ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ይሳተፉበት የነበረ ትልቅ ጥናት ከታሰበለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ኤስትሮጅንንና ፕሮጄስቲን የተባለውን ሌላ ሆርሞን በአንድ ክኒን በሚውጡት ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የደም መርጋት ከፍ ብሎ ተገኝቶ ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች ሕክምናውን ተዉት፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

ከወሬው ጋር አብረው ያልተጓዙ ነገሮች ግን ነበሩ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ዓመታት ያለፋቸው ሴቶች ናቸው። የወሰዱትም ክኒን እንጂ ልጣፍ አልነበረም። የጡት ካንሰሩ ጭማሪም በዓመት ከ10 ሺህ ሴቶች ውስጥ ስምንት ያህል ነበር። ጭማሪው አይናቅም፤ ነገር ግን «የነካው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል» የሚያሰኝ አይደለም። መረጃው እንደገና ሲመረመር፣ ዕድሜያቸው ከ60 በታች የሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ያልሞላቸውና ሌላ የሚከለክል ሕመም የሌለባቸው ሴቶች በአብዛኛው ከጉዳቱ ጥቅሙ እንደሚያመዝንላቸው ታየ። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በጉልህ ይጻፍ የነበረውን የልብ ሕመም፣ የጡት ካንሰርና የመርሳት በሽታ ማስጠንቀቂያ ለማንሳት መወሰኑን አስታውቋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንዲቆይ አድርጓል። እርሱም ማህፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን ብትወስድ ስለሚደርስባት የማህፀን ካንሰር የሚናገረው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህንን ይያዙ።

ኤስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳድጋል። የሚገታው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። የሚገታው ከሌለ ሽፋኑ እየወፈረ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ በ1996 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ማህፀን ኖሯቸው ኤስትሮጅንን በክኒን መልክ ብቻውን ለሦስት ዓመት ከወሰዱት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማህፀናቸው ሽፋን ከልክ በላይ አድጎ ተገኝቷል። ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉ የታከለላቸው ግን ከዚህ ተጠብቀዋል። ኤስትሮጅን በቆዳ ገባ በአፍ፣ ማህፀን ላይ የሚሠራው ሥራ ያው ነው።

እንግዲህ የእህትዎን ልጣፍ ያስቡት። ምናልባት እርሷ ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣ ይሆናል፤ ስለዚህ ኤስትሮጅኑ ብቻውን ይበቃታል። ወይም ደግሞ ከልጣፉ ጋር ማታ ማታ ሌላ ክኒን ትውጣለች፤ አለበለዚያም ሆርሞን ያለው ሉፕ አስገብታለች። ለእርስዎ የደረስዎት ግን ልጣፉ ብቻ ነው። ያው ፓኬት ለእርሷ ደኅንነት፣ ለእርስዎ አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ሆርሞኖች በአንድ ላይ የያዘ ልጣፍም ስላለ የያዙት የትኛው እንደሆነ በመልኩ መለየት አይቻልም። ማሸጊያውን ይዘው ሐኪም ወይም የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ይጠይቁ።

ልጣፉ ጨርሶ የማይሆንላቸው ሴቶችም አሉ። የጡት ወይም የማህፀን ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማህፀኗ የሚፈሳት፣ በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም ረግቶ የሚያውቅ፣ የልብ ድካም ምት ወይም ስትሮክ የደረሰባት፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት ወይም እርግዝና የምትጠረጥር ሴት ከሐኪም ሳትመክር ወደ ሆርሞን እጇን መዘርጋት የለባትም። የደም ግፊት ያለባትም አስቀድማ ግፊቷን ማስተካከል አለባት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የሆርሞኑን ኃይል ይቀንሱታል።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። የማረጥ ልጣፍ የእርግዝና መከላከያ አይደለም። የወር አበባዎ ገና እየተዛባ የሚመጣ ከሆነ ማርገዝ ይችላሉ። መከላከያ የሚያስፈልገው ዕድሜ ከ50 በላይ ከሆነ ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ ለአንድ ዓመት፣ ከ50 በታች ከሆነ ደግሞ ለሁለት ዓመት ነው።

ሐኪም ያዘዘልዎት ከሆነ አጠቃቀሙ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የሚለጠፈው ከወገብ በታች፣ በታችኛው ሆድ፣ በዳሌ ወይም በመቀመጫ ላይ ነው። በጡት ላይ በፍጹም አይለጠፍም። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ፣ ቁስል የሌለበት ይሁን። ቅባት፣ ሎሽን ወይም ቅቤ የተቀባ ገላ ላይ አይይዝም። መቀነት ወይም ቀበቶ የሚፈገፍግበት ቦታም ላይ አያድርጉት። ከለጠፉ በኋላ በመዳፍዎ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጫኑት። አንዳንዱ ልጣፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሌላው በሳምንት አንድ ጊዜ ይቀየራል። ሁለት ጊዜ ከሆነ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ ብለው ቀን ይቁረጡለት። አሮጌውን ሳያነሱ አዲስ አይለጥፉ፤ አዲሱንም በሌላ ቦታ ያድርጉት። ወደ ቀድሞው ቦታ ከመመለስዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለፈው።

ገላ መታጠብ አይከለክልም። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ እንዲመታው ግን አያድርጉ፤ ሳውና፣ እንፋሎት ወይም ወይባ ጢስ ከመግባትዎ በፊትም ሐኪምዎን ይጠይቁ። ብርቱ ሙቀት መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ እንዲገባ ሊያደርገው፣ ላቡም ሊያስለቅቀው ይችላል። መቀየሪያው ቀን ከተረሳ ባስታወሱ ጊዜ ይቀይሩና በቀድሞው ቀን ቆጠራ ይቀጥሉ። «ቶሎ ልዳን» ብለው ሁለት አይለጥፉ፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ባለሙያ ሳይፈቅድ በመቀስ አይቁረጡት። ያገለገለው ልጣፍ ውስጡ ገና ሆርሞን ስለሚቀረው የሚጣበቀውን ገጽ ወደ ውስጥ አጥፈው ልጆች በማይደርሱበት ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉት።

አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያምዎ፣ ድንገት ደረትዎን ቢወጋዎ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ፊትዎ ቢጣመም፣ አንደበትዎ ቢተሳሰር፣ አንድ ጎንዎ ቢዝል ወይም እይታዎ ድንገት ቢጋረድ ልጣፉን አንስተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በጡትዎ ላይ እብጠት ካገኙም ይታዩ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ ጠብታ ቢሆንም አይናቅም። ሁለቱን ሆርሞኖች በጀመሩ የመጀመሪያ ወራት ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል፤ ቢሆንም ለሐኪም መንገር ግድ ነው። ሕክምናው በተጀመረ በሦስተኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ተመልሰው ይታዩ። ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው የሚወሰነው ያኔ ነው።

ሆርሞን የማይሆንላት ሴትም ተስፋ መቁረጥ የለባትም። ሙቀቱን የሚቀንሱ ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ። ለብልት መድረቅም በቦታው ብቻ የሚሠራ ሕክምና አለ። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና።

መጠየቁ የሴቷ ብቻ ሸክም መሆን የለበትም። ባል የሚስቱን መለወጥ ከጠብ ሳይሆን ከጤና ጋር አያይዞ ይየው። ከውጭ የሚመጡ ልጆችም ለእናታቸው መድኃኒት ከሚያመጡላት ይልቅ አብረዋት ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ይበልጥ ይጠቅሟታል። የጤና ባለሙያዎቻችንም ግፊት ለመለካት የመጡ የ50 ዓመት እናትን «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሙቀት ያስቸግርዎታል?» ብለው ቢጠይቁ ወጪ የለውም። የሚጠይቃት ያገኘች ሴት መድኃኒቷን ከሻንጣ አትፈልግም።