ጎማው ለማን ነው?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰው በዓይኑ እንደሚገዛ አውቃለሁ። ፒክአፓችንን ከፍ ስናስደርግ ግን እኔም በዓይኔ ገዛሁ፤ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ። ክረምት ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት ስመልስ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናው ተንሸራቶ ዜብራው ላይ ቆመ። እግረኛ አልነበረም፤ ተመስገን።

የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ የተራራቁ ናቸው፤ እርጥብ አስፋልት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ሳምንቱን አስፋልት ላይ ውሎ አልፎ አልፎ ኮረኮንች ለሚወጣ መኪና ኦል ቴሬን ይሻላል። መጠኑንም ያስቡበት፤ ከ265/70 አር 17 ወደ 285/70 አር 17 ከቀየሩ፣ ፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል እርስዎ 103 ተኩል ግድም እየነዱ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረውም ጎማው የትም እንደማይነካ ይዩ።

እኛ ቀይረናል። ልጄ «የድሮው ያምር ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው።