በችግር ጊዜ ብቻ የተደመጠ መሐንዲስ
(ስለ ኮርቬት አውቶሞቢል ታሪክ)

ስለ አንድ የቅንጦት አውቶሞቢል በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቧልት ሊመስለው ይችላል። ከሁለት ሰው በላይ የማይጭን፣ ለዕቃም ሆነ ለቤተሰብ የማይረባ ነገር ለመሆኑ እኔም አልክድም። ይሁንና ሼቭሮሌ ከ1953 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚሠራው የኮርቬት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ተዛብቶ ስለሆነ፣ በተለይም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችና መምህራኖቻችን ይፈርዱ ዘንድ ሐሳቤን ለማቅረብ እወዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተለመደው አነጋገር እንዲህ ነው። የጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ክፍል ሹም የነበረው ሃርሊ ኧርል፣ አሜሪካኖች የአውሮፓን ትናንሽ የስፖርት መኪናዎች እየወደዱ መሄዳቸውን አይቶ፣ አገሩም የራሷ ይኑራት ሲል አንድ ውብ መኪና አስነደፈ። መኪናው በጃንዋሪ 1953 በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ለሕዝብ በታየ ጊዜ ተመልካቹ ተደነቀ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናው እየገነነ ሄደ ይባላል። ይህ አነጋገር መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይዞ መካከሉን የዘለለ ነው።

ያ ውብ መኪና ገና በሁለት ዓመቱ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1953 በፍሊንት ከተማ የተገጣጠሙት 300 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ውጪያቸው ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። ገላው ከብረት ሳይሆን ከፋይበርግላስ መሠራቱ በእርግጥ አዲስ ነገር ነበር። ከኮፈኑ ሥር ግን የተቀመጠው ሼቭሮሌ ለቤተሰብ መኪና ይጠቀምበት የነበረው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ተሻሽሎም ከ150 የፈረስ ጉልበት አላለፈም። ካምቢዮው ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ሲሆን፣ በሮቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ መስታወት እንኳ አልነበራቸውም። ለዚህ ሁሉ የተጠየቀው ዋጋ 3,498 ዶላር ነው። ባጭሩ ውጪው አማረ፣ ውስጡን ግን ለቄስ። ገዢውም ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በ1954 ከተሠሩት 3,640 መኪናዎች ሲሶ ያህሉ ሳይሸጡ ዓመቱ አለቀ። በ1955 የተሠሩት 700 ብቻ ሲሆኑ፣ ፎርድ በዚያው ዓመት ያወጣው ተንደርበርድ ከ16,000 በላይ ገዢ አገኘ።

የሆቴሉን ትርዒት ካዩት ሰዎች አንዱ ዞራ አርኩስ ዳንቶቭ የሚባል የ43 ዓመት መሐንዲስ ነበር። ብራስልስ ተወልዶ ሩሲያ ያደገ፣ በርሊን የተማረ፣ ናዚዎች ፈረንሳይን በያዙ ጊዜ አይሁዳዊ ነውና ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። የመኪናው መልክ ማረከው፤ አሠራሩ ግን አላረካውም። ይህንኑ ለሼቭሮሌ ዋና መሐንዲስ ለኤድ ኮል በደብዳቤ ገለጸለት። ኮል ደብዳቤውን ቀዶ አልጣለም፤ ጸሐፊውን በሜይ 1953 ቀጠረው። እኔ ከኧርል ንድፍ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ። ነገ ከኛ መካከል እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚጽፍም፣ ደብዳቤው የሚደርሰው ሹምም ይኖራልና።

ኩባንያው መኪናውን ለመተው ባሰበበት በ1954 መጨረሻ ዳንቶቭ ሌላ ማስታወሻ ጻፈ። ፎርድ ወደ ገበያው በሚገባበት ሰዓት ኮርቬትን መተው ሽንፈትን በአደባባይ ማመን ይሆናል ሲል ተከራከረ። ተሰማም። የኮል ክፍል ያዘጋጀው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በ1955 ገባለት፤ ጉልበቱም ወደ 195 ከፍ አለ። በ1957 ደግሞ በካርቡራቶር ፈንታ ቤንዚን በመርጫ የሚቀበለው ሞተር፣ ስፋቱ 283 ኪዩቢክ ኢንች፣ ጉልበቱም 283 ፈረስ ሆነ። በ1960 በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ኮርቬት በክፍሉ አንደኛ፣ ከጠቅላላው ስምንተኛ ወጣ። በ1963 የተሠሩት መኪናዎች ቁጥር 21,513 ደረሰ።

እንግዲህ ታሪኩ የሚመረው ከዚህ ላይ ነው። መኪናው መሸጥ ከጀመረ ወዲያ የዳንቶቭ ቃል እየቀለለ ሄደ። የ1963ቱ መኪና የኋላ መስታወት በመካከሉ በሚያልፍ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ነጂው ወደ ኋላ አጥርቶ ማየት አይችልም ሲል ዳንቶቭ ተቃወመ፤ የቅርጽ ክፍሉን ከኧርል የተረከበው ቢል ሚቸል ግን ለውበቱ ሲል አሻፈረኝ አለ። ዘንጉ በ1964 ተነሣ። (የሚያስቀው፣ አሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ዛሬ አብዝተው የሚፈልጉት ያንኑ የማያሳየውን መስታወት መሆኑ ነው።)

ትልቁ ክርክር ግን ሞተሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነበር። መኪና ሲፈተለክ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሞተሩ ከነጂው ኋላ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ቢቀመጥ፣ የሚገፉት ጎማዎች መሬቱን ይቆነጥጣሉ፤ ነጂውም ፊቱን አጥርቶ ያያል፤ የሞተሩም ትኩሳት እግሩን አይጠብሰውም። በ1957 ሲብሪንግ ላይ ዳንቶቭ ያሰለፈው የውድድር መኪና ነጂዎቹን በሙቀት ያሠቃየ ስለነበር፣ ነገሩ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አልነበረም። በ1960 በዚህ አኳኋን የተሠራ መሞከሪያ መኪና አቀረበ፤ በ1970 ደግሞ የዚሁ ዓይነት ናሙና በኒውዮርክ ትርዒት ላይ ታየ። ለሽያጭ ግን አንዱም አልበቃም። አዲስ ካምቢዮ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለው ደግሞ በደኅና እየተሸጠ ነው፤ ታዲያ ምን አስቸኮለን ተባለ።

ዳንቶቭ በ1975 ጡረታ ወጣ። በዚያ ዓመት የኮርቬት መደበኛ ሞተር ጉልበት 165 ፈረስ ብቻ ነበር፤ የጭስ ሕግ መጥበቁና የአለካኩ ዘዴ በ1972 መለወጡ ቢታሰብም እንኳ ውድቀቱ ግልጽ ነው። ሆኖም በ1979 የተሠሩት ኮርቬቶች 53,807 ሆኑ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ተሠርቶ አያውቅም። የሒሳብ ሹሙ ይህን ቁጥር ይዞ ቢከራከረኝ መልስ የለኝም አልልም። ገንዘብ አጥፍቶ ባይሳካ መኪናው ይሞት ነበር የሚለውን እቀበላለሁ፤ ፎርድም በ1958 ተንደርበርድን ባለ አራት መቀመጫ ያደረገው ለሽያጭ ብሎ ነው። ነገር ግን 53,807 ሰዎች የገዙት ዳንቶቭና ጓደኞቹ ቀደም ብለው ያተረፉለትን ስም ነው ባይ ነኝ። ስም ደግሞ እንደ ጎተራ እህል ነው፤ እየቀነሰ መሄዱ ከውጭ አይታይም።

ሞተሩ ከነጂው ኋላ የተቀመጠ ኮርቬት ለሕዝብ የታየው በጁላይ 2019 ነው። ለ2020 በወጣው ዋጋ መነሻው ከ60,000 ዶላር በታች፣ ጉልበቱ 490 ፈረስ ሆነ። መሐንዲሱ ሐሳቡን በመሞከሪያ መኪና ካሳየ 59 ዓመት፣ ከሞተ ደግሞ 23 ዓመት አልፎ ነበር። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ የተቀመጠው በኬንታኪ ግዛት፣ በቦውሊንግ ግሪን ከተማ ባለው የኮርቬት ሙዚየም ውስጥ ነው፤ አዲሱ መኪና የሚሠራበት ፋብሪካም እዚያው ከተማ ይገኛል።