ሳይመረመር የሚፈረድበት ዕቃ

«ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላል የቆየው ተረት። በመኪና መለዋወጫ ንግድ ውስጥ ይህ ተረት የሚነገርለት ዕቃ ቢፈለግ ከቴርሞስታት የሚቀድም አይገኝም። ሞተር በጋለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወቀሰው እርሱ ነው፤ ቀጥሎም የሸጠው ባለሱቅ ነው። ባለመኪናው «ኦሪጅናል ብሎ ፎርጅድ ሸጠልኝ» ይላል። ባለሱቁ «መካኒኩ መግጠም አያውቅም» ሲል ይመልሳል። መካኒኩም ዕቃውን ነቅሎ ይጥልና መኪናውን ያለ ቴርሞስታት ይለቀዋል። ሦስቱም ተቀያይመው ይለያያሉ፤ የሞተሩ ሕመም ግን እንዳልታወቀ ይቀራል።

ይህ ጉዳይ በየትም ቦታ ያለ ቢሆንም በወልዲያ ገበያ ይልቁን ይከብዳል። ወልዲያ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድና በተለምዶ የቻይና መንገድ የሚባለው የወረታ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ፍራፍሬ የጫነ መኪና በስሪንቃ በኩል ወልዲያ ሲደርስ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ፊቱን ወደ ጋሸና ያዞረ እንደ ሆነ ደግሞ ድልብን አልፎ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ ሞተር ቢፈላ ቴስታታው ይጣመማል፥ ጋስኬቱ ይቃጠላል፥ ጭነቱ በፀሐይ ላይ ይበላሻል፥ ላኪውና ተቀባዩም በሒሳብ ይጣላሉ።

የቴርሞስታት ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። በውስጡ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ ቀልጦ ይሰፋና በሩን ገፍቶ ይከፍታል። በሩ ሲከፈት ውሃው በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ይዘዋወራል። በሩ የሚከፈትበት ዲግሪ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ አንዱ በ82፥ ሌላው በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መከፈት ይጀምራል፤ ጨርሶ የሚከፈተው ግን ከዚያ አሥርና ከዚያም በላይ ዲግሪ ከጨመረ በኋላ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በራሱ በዕቃው ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ብዙ መካኒኮች ዕቃውን የሚፈትኑት በብረት ዕቃ ውሃ አፍልተው በውስጡ በማንጠልጠል ነው። ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን በደጋ አገር አንድ ወጥመድ አለበት። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ወልዲያ ላይ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ፥ ጋሸና ላይ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል፤ እሳቱን ቢያበዙት ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ በ88 የሚከፈት ደኅና ኦሪጅናል ዕቃ ወልዲያ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ በሩን ጥቂት ገርበብ አድርጎ ይቀራል። ከጎኑ በ82 የሚከፈት ምትክ ዕቃ ቢንጠለጠል ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ያየ ሰው ሁሉ «ኦሪጅናል የተባለው ውሸት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ከቦታው ከፍታ የመጣ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ቴርሞሜትር መያዝ፥ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብና መከፈት የጀመረበትን ዲግሪ መመዝገብ ነው። ጨርሶ መከፈቱን ለማየት የሚሻ ሰው ግማሽ ውሃ ግማሽ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቀላቅሎ ቢጠቀም ፈሳሹ ከተራ ውሃ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት ይፈላለታል። ይህ ፈሳሽ መርዝ ስለ ሆነ የተፈላበት ዕቃ ዳግመኛ ወደ ማድ ቤት መመለስ የለበትም፤ ሥራውም ከቤት ውጭ ይሁን።

ሁለተኛው ስሕተት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው ውሃ በ93 ዲግሪ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ የተቀደደ ወይም ስፕሪንጉ የላላ እንደ ሆነ ግን ደኅናው ሞተር እንኳ ዳገት ላይ ይፈላል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ወቀሳውን የሚሸከመው ግን ቴርሞስታቱ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር በጋሸና ብርድ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል፤ ነዳጅ ያበዛል፥ ቶሎም ይበላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውስጥ ማለፊያውን አብሮ ይዘጋል፤ እርሱ ሲነቀል ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲበርድ ተብሎ የተደረገው ነገር ሞተሩን ያግለዋል።

እንግዲያውስ ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ሞተሩ ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ ከጋለና የራዲያተሩ የታች ጎማ ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ፥ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ወይም የተደፈነ ራዲያተር ይጠረጠራል። ሙቀቱ ረዥም ጊዜ ዝቅ ብሎ ከቀረ ቴርሞስታቱ እንደ ተከፈተ ደርቋል ማለት ነው። ዳገት ላይ ብቻ የሚግል ከሆነ ክዳኑ፥ ቺንጋው፥ የውሃ ፓምፑና ራዲያተሩ አስቀድመው ይታዩ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ነገሩ የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ግን ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ሲባል የዕቃው ጥራት ልዩነት የለውም ማለት አይደለም። በገበያው ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ። አንደኛው የመኪናው ፋብሪካ በስሙ የሚያወጣው ኦሪጅናል ነው። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ የራሱን ስም ጽፎ የሚሸጠው ምትክ ነው፤ ከዚህ መካከል እጅግ ደኅና የሆነ አለ፥ የሚከፈትበት ዲግሪ ከሞተሩ የማይስማማ ወይም በጠርዙ ላይ አየር የምታስወጣው ትንሽ ቀዳዳ የሌለችውም አለ። ሦስተኛው የሌላውን ስም ሰርቆ የሚለብሰው ፎርጅድ ነው። ሁለተኛውን መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም «ኦሪጅናል» ብሎ መሸጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

«ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው» የሚል ባለሱቅ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ገዢው የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው። ዲግሪውን የነገረው ከሌለ ከዋጋ በቀር ምን ይጠይቃል? አስመጪው ዕቃ ሲያዝዝ የሞተሩን ዓይነትና የመክፈቻውን ዲግሪ ለይቶ ይጻፍ። ባለሱቁ በደረሰኙ ላይ የፋብሪካውን ስምና ዲግሪውን ያስፍር፤ በጠረጴዛውም ላይ አንድ ቴርሞሜትር ያኑር፤ ገዢው ፊት ፈትኖ ይሽጥ። መካኒኩም የነቀለውን አሮጌ ዕቃ ለባለመኪናው ያስረክብ። ይህን ያደረገ ነጋዴ ክርክር ቢነሣ የሚያቀርበው ምስክር አለው፤ ያላደረገው ግን ደኅና ዕቃ ሸጦም ሌባ ተብሎ ይቀራል።