ጠዋት አዞ፣ ከሰዓት አዞዎቹ

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው፤ አግብተው ወልደው ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ውጭ አገር ያሉ። "ቲቸር፣ የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ያዘጋጁታል ይባላል። ልጆቹን ይዤ ናይሮቢ ወርጄ ኳስም አንበሳም አሳይቼ ልመለስ አስቤያለሁ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" ነው የሚሉት።

እኔ የምለው ሂዱ ነው። ምን አገባኝ፣ የራሳችሁ ገንዘብ! ደግሞም ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አርባ ምንጭ ቁጭ ብዬ ይህን ጥያቄ ሳነብ ሆዴን ይበላኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አስቀርቡ።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ? ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሪት ላይ ከዛምቢያ ጋር የተጫወተበት ቀን ነው። ዛምቢያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በ10 ሰው ቀረን፣ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያደረጉት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወንድሞቻችን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከዚሁ ከደቡቡ የአገራችን ክፍል የሄዱ ልጆች። የስታዲየሙ ጣሪያ የቆመባቸው ምሰሶዎች የቀጭኔ ቅርጽ አላቸው፤ ወንበሮቹ የሜዳ አህያ መልክ ነው የተሰጣቸው። ትልቁ የክሩገር ፓርክ እዚያው አጠገቡ ነው። አያችሁት? ሰዎቹ ኳሱንና ዱሩን አንድ ላይ ሰፍተው ነው የሸጡት።

(ለጨዋታ ያህል፦ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫዋን አዲስ አበባ ላይ ያነሳችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን!)

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አንድ ቤተሰብ ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የዱር እንስሳ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ አገርና ሕዝብ፣ ከዚያ ደግሞ ዓለም አቀፍ ጨዋታ። ሁለቱ እዚህ አሉ። ጫሞ ላይ ጠዋት በጀልባ ስትወጡ ጉማሬው ጆሮውን እያራገፈ ብቅ ይላል፤ "የአዞ ገበያ" የምንለው ዳርቻ ላይ ደግሞ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገበያ የተባለው ገዢና ሻጭ ኖሮ ሳይሆን ብዛታቸው ነው። አባያ ቀይ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው፣ በመካከላቸው ያለው የመሬት ድልድይ "የእግዜር ድልድይ" ይባላል። ከድልድዩ ማዶ ነጭ ሳር አለ፤ ሜዳው ሲደርቅ እውነትም ነጭ ነው፣ የሜዳ አህያው በላዩ ላይ እንደ ተጻፈ ፊደል ነው የሚታየው። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

ለልጆች ደግሞ ይቺን ንገሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ነጭ ሳር ውስጥ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። የቀረላት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ወስደው ቢያመሳስሉት ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ ሆነ፤ በዚያ በአንድ ክንፍ ብቻ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተመዘገበ፣ የነጭ ሳርን ስምም ተሰጠው። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ልጅ እንኳ ቀና ይላል።

ወደ ላይ ስትወጡ ዶርዜ ነው። የቀርከሃው ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል። ከሥሩ ምስጥ በበላው ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ባለቤቱ አፍርሶ አይሠራም፣ ካስፈለገው ቤቱን እንዳለ አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቆጮ በዳጣ ትበላላችሁ፣ ዱንጉዛ ሲሸመን ታያላችሁ። መስከረም ላይ ከመጣችሁማ ዮ ማስቃላ ነው፣ ስለሱ እዚህ አልጀምርም፣ አልጨርሰውምና።

እንግዲህ የጎደለው ሦስተኛው ነው።

አምና መጋቢት ላይ የባለቤቴ ወንድም ከነልጆቹ ከሚኒሶታ መጥቶ ነበር። ሦስት ቀን ይዣቸው ዞርኩ። አዞው፣ ዶርዜው፣ አርባዎቹ ምንጮች፣ ሁሉም ተወደደ። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ፣ 11 ዓመቱ ነው፣ "ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ልትጫወት ነው፣ ሳላህ ይመጣል" አለኝ። "የት ነው?" ስለው "በሜዳችን ነው የሚለው" አለ፣ ስልኩን እያሳየኝ። እውነቱን ነው፣ በወረቀት በሜዳችን ነበር። ጨዋታው የተደረገው ግን ካዛብላንካ ነው። ሲቀላ ኳስ ቤት ገብተን አምሽተን አየን። ሳላህ አገባ፣ ሁለተኛም ተጨመረ፣ 2 ለ 0 አለቀ። ልጁ መሸነፉን ምንም አላለም። "ባለሜዳ እኛ ከሆንን ለምንድነው ሞሮኮ የሚጫወቱት?" የሚለውን ግን እስኪተኛ ድረስ ጠየቀኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ያለው ታሪካችን እኮ ጉድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትን፣ ከዚያ ካፍ ሜዳው መስፈርቴን አያሟላም አለ። ጋናን "በሜዳችን" ጆሃንስበርግ አስተናገድን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበት ያ የማይረሳ ቀን፣ እሱም በሜዳችን ነበር፤ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ! ከሴራሊዮንና ከቡርኪና ፋሶ ጋር ሞሮኮ ኤል ጀዲዳ፣ ከኮንጎ ጋር ዳሬሰላም። የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ውድድሩን ሦስት ጊዜ ያዘጋጀች፣ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ የካፍ ፕሬዚዳንት ያፈራች አገር እንደ ደባል ቤት ለቤት ስትዞር ኖረች። የግብፁን ድል ሜዳ ገብቶ ያየ አርባ ምንጬ አባት ከነልጁ አለ ብላችሁ ታስባላችሁ?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሲያልቅ ይፈታል" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ካፍ የሚጠይቀው በአብዛኛው መብራት፣ መልበሻ ክፍል፣ ወንበር፣ የሕክምና ክፍል፣ መጸዳጃ ቤት ነው። የትልቅነት ጉዳይ ሳይሆን የእንግዳ አቀባበል ጉዳይ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ስታዲየም ልጄን ይዤ ገብቼ አውቃለሁ። ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። እረፍት ላይ ሽንት ቤት አለችኝ። ለሴት የሚሆን የለም። ያለውም በር የለውም። ሁለተኛውን አጋማሽ ሳናይ ወጣን። ከዚያ ወዲህ "ኳስ እንሂድ?" ስላት "ቤት እንየው" ነው የምትለኝ። እስቲ ይህንን ምን የሚሉት ስታዲየም ነው? 22 ተጫዋች ስለሚያስተናግድ ብቻ? እናትና ሴት ልጅ የማይገቡበት ሜዳ ለካፍ ኢንስፔክተርም እንደማይመጥን ማንም ሊነግረን አይገባም ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 የካፍ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲደረግ የ2029ን ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምንፈልግ ተናግረናል። ደስ ይላል፣ እኔም እመኛለሁ። ግን ከበሩ እንጀምር፤ ከበሩና ከሽንት ቤቱ።

የአገር ውስጡም ነገር ያው ነው። የከተማችን ክለብ አርባ ምንጭ ከተማ ቅጽሉ "አዞዎቹ" ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ዋልያ፣ የእኛው አዞ። ልብ ብላችኋል? ቡድኖቻችንን በዱር እንስሳ እንሰይማለን፣ እንስሳውን ግን አይተነው አናውቅም። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ በዓለም የትም የለም፤ ማልያውን ከለበሰው ሕዝብ ስንቱ ነው ሄዶ ያየው? አዞዎቹም እንደ ስማቸው ውኃቸው ዳር አልተገኙም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዞረ ስለተካሄደ ሊጉ ላይ በነበሩባቸው ዓመታት ደጋፊው ቡድኑን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የቴሌቪዥን ቀረጻ፣ ወጪ፣ ከዚያም በፊት የነበረው የደጋፊ ረብሻ። ረብሻን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል፦ መስከረም 2011 የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው ከተማውን ያዳኑት እዚሁ ነው። እንዲህ ዓይነት አባቶች ያሉት ከተማ ጨዋታ ማስተናገድ ያቅተዋል ብሎ የሚያምን ካለ ይምጣና ያነጋግራቸው።

እኔ የምመኘው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት አዞ አይቶ፣ ምሳውን አሣ ጉላሽ በልቶ፣ ከሰዓት አዞዎቹን ሜዳ ገብቶ ማየት ቢችል። በቃ ይሄ ነው። ለዚህ ካሜሩንና ሴኔጋል መምጣት የለባቸውም። ዓለም አቀፉ ጨዋታ ሲመጣም የሚያርፈው እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት ከተማ ነው። ሐዋሳ እ.ኤ.አ. በ2015 የሴካፋን ዋንጫ ጨዋታዎች አስተናግዳለች እኮ፤ እዚህ ጎረቤታችን ናት።

ወደ ናይሮቢው ነገር ልመለስና አንድ የሚያስፈራኝን ልናገር። "ሁለቱ እዚህ አሉ" ብያለሁ። ግን እስከ መቼ? ነጭ ሳር ውስጥ ቆርኬ ከማየት ሎተሪ መድረስ ይቀልላል። የፓርኩ መንገድ ፎር ባይ ፎርን ያስለቅሳል። ጫካው ለማገዶ ይቆረጣል፣ ሐይቁ ከልክ በላይ ይጠመዳል፣ ሜዳው ላይ ከብት ይሰማራል። አፍሪካን ፓርክስ የሚባለው ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ሊያስተዳድረው ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ትቶት ወጥቷል፤ እዚያ የሚኖረው ሰው ጉዳይ የሚቋጭ አልሆነለትም። እኔ ከብት አርቢውን አልኮንንም፣ ማገዶ ተሸካሚዋንም አልኮንንም። ልጇን የምታበላው በዚያ ነው። የምለው ይህ ነው፦ ሴትየዋ ከፓርኩ የምታገኘው አንድ እስር እንጨት ብቻ ከሆነ እንጨቱን ትቆርጣለች። ልጇ ግን ፓርኩ ውስጥ አስጎብኚ ከሆነ፣ ጀልባ ከነዳ፣ አሣ ከጠበሰ ነገሩ ሌላ ነው። ለዚያ ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን የሚመጣ ፈረንጅ አይበቃም። ወረርሽኙ ሲመጣ ፈረንጅ ጠፋ፣ ጦርነቱ ሲመጣም ጠፋ፤ ከተማው ምን እንደመሰለ ያየነው እናውቀዋለን። ዘላቂው ደንበኛ የአገሬው ቤተሰብ ነው።

የአገሬው ቤተሰብ ደግሞ አልተጋበዘም። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ስገባ "ጫሞ ላይ በጀልባ የወጣ እጅ ያውጣ" እላለሁ። እዚሁ አርባ ምንጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። ጥቂት እጅ ብቻ ነው የሚነሳው። ሐይቁን ከሴቻ ቁልቁል በየቀኑ ያዩታል፣ ስለ ሊቨርፑል አሰላለፍ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ አዞ ግን በፎቶ። ጀልባ መከራየት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከነልጆቹ ቀላል ወጪ አይደለም። ለተማሪና ለነዋሪ ቤተሰብ በወር አንድ እሁድ የተለየ ዋጋ ቢወጣ የጀልባ ማኅበራቱ የሚጎዱ አይመስለኝም፤ ባዶ ከሚቆም ጀልባ ግማሽ ዋጋ ይሻላል። ትምህርት ቤቶችም የዓመት ጉዞ ሲያስቡ ሌላ ከተማ የገበያ ማዕከል ከሚወስዱን ከጓሯችን ብንጀምርስ?

ስለዚህ የ2027 ተጓዦች፣ ምክሬ ይኸውና። ናይሮቢ ለመሄድ መብረር ግዴታ አይደለም። መንገዱ ሰላም ከሆነ (ይህን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ፣ አደራ!) ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ አርባ ምንጭ ግቡ። ሦስት ሌሊት እደሩ። ከዚያ ኮንሶ፤ እርከኖቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፣ ለልጆቹ "ይህን ሁሉ ድንጋይ ሰው በእጁ ነው የደረደረው" በሏቸው። ከዚያ ያቤሎ፣ ከዚያ ሞያሌ። ድንበሩ ላይ የጋራ መፈተሻው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ተከፍቷል፣ ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም፣ ከዚያ ወዲያ አስፋልት ነው። ኬንያ ላይ አንበሳውንም ኳሱንም እዩ። ስታዲየም ስትገቡ ግን ለእኔ ብላችሁ ሽንት ቤቱን አይታችሁ ፎቶ አንሱልኝ። አልቀለድኩም፣ እፈልገዋለሁ።

አርባ ምንጭ ስትደርሱ ደውሉ። ጀልባውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ለልጆቹ ባርኔጣ አትርሱ። ሙዝ ይዛችሁ አትምጡ፣ እኛ ጋ ሞልቷል፤ ይዛችሁ ከመጣችሁም ከዝንጀሮው ደብቁት። አዞዎቹ እዚህ የሚጫወቱበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ ቲኬቱ በእኔ ነው።