ክምችት ሁሉ ብክነት ነው እንዴ?

እንደሚታወቀው በሰፕላይ ቼይን ትምህርታችን ደጋግመን ከምንሰማቸው ነገሮች አንዱ «ክምችት ብክነት ነው» የሚለው ነው። ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት ይድረስ፣ መጋዘን ውስጥ የሚተኛ ገንዘብ አይኑር ይባላል። አሠራሩን ዓለም የተማረው ከጃፓኑ ቶዮታ ነው። እኔ ግን ያደግሁት አዋሽ ከተማ ስለሆነ አንድ ጥያቄ አለኝ። መንገዱ ቢዘጋስ?

ለኢንተርንሺፕ የወጣሁበት አንድ ፋብሪካ ይህን አሳይቶኛል። ስኳሩም፣ ውኃውም፣ ጠርሙሱም ነበር፤ የጠፋው ክዳን ብቻ ነው። ክዳኑን የጫነው መኪና ከሰመራ ወዲህ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሠራተኛው አራት ቀን ጥላ ሥር ቁጭ አለ። የሚገርመው ደግሞ ግዢ ክፍሉ ባለፈው ወር «ክምችት ቀነሰ» ተብሎ ተመስግኖ ነበር!

እስቲ ካርታውን እንመልከት። ከጅቡቲ የሚነሳው አብዛኛው የጭነት መኪና በጋላፊ፣ በሰመራና በሚሌ አድርጎ አዋሽ ይደርሳል። ባቡሩ ደግሞ በደወሌና በድሬዳዋ በኩል ይመጣል። ሁለት መስመር ይመስላል፤ ወደ ሞጆና አዲስ አበባ ለሚሄድ ዕቃ ግን ሁለቱም አዋሽ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንዱ ለሌላው መተኪያ የሚሆነው እስከ አዋሽ ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው። ያ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቋል፤ የከሰም ስኳር ፋብሪካም ጉዳት ደርሶበታል።

ቶዮታ ራሱ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጃፓንን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹ የወራት ቺፕ እንዲያስቀምጡ አድርጓል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በዓለም ላይ የቺፕ እጥረት ሲከሰት መጀመሪያ ላይ ከብዙ ተፎካካሪዎቹ የተሻለ ቆመ። መምህሩ ትምህርቱን ካሻሻለ እኛ ተማሪዎቹ ለምን በድሮው ደብተር እንቀራለን?

«ገንዘብ ይታሰራል፣ የውጭ ምንዛሪም እንደ ልብ አይገኝም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሁሉ ነገር ይከማች አላልኩም። ዋጋው ትንሽ ሆኖ ሲጠፋ ግን ፋብሪካውን ቀጥ የሚያደርገው ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥ ነው የምለው። ክዳን እኮ ከጠርሙሱ ሁሉ ርካሹ ነው! አስቀድሞ የሚታወቀውን ጭነት በባቡር፣ ድንገተኛውን በመኪና ማድረግም ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ነዳጅም ይቆጥብልናል። ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ደግሞ ከሚሌ በባቲ የሚወጣው መንገድ አለ፤ አዋሽን አይነካም።

በበኩሌ ቅልጥፍና ማለት መሮጥ ብቻ አይመስለኝም፤ መንገድ ሲዘጋ አለመቆምም ነው። ማድረስ ያልቻለ ፋብሪካ ደግሞ በዋጋም በጥራትም ሊወዳደር አይችልም። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ብክነት ነው የሚለው የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ።